ዐቃቤ ሙቀት ግቮዝደን የዘጠነኛውን ፎቅ መስኮት እንደ ዘጋ

በዳይሬክተራችን በቬሊሚር ዘመን፣ እርሱ በዐሥራ ሁለተኛው ፎቅ ላይ በተሾመ በአምስተኛው ዓመት፣ ትልቁ ሊፍት ታምሞ ትንሹ ብቻውን በሚያገለግልበት በሁለተኛው ክረምት፣ ኮሻቫ የተባለው ነፋስ የዳኑብን ወንዝ ተከትሎ መጥቶ በኖቪ ሳድ ከተማ ላይ በሠለጠነበት ወራት፣ የመድን ድርጅታችን ዐቃቤ ሙቀት፣ መዋዔ ብርድ፣ ገራሜ ቧንቧ፣ ኢንጂነር ግቮዝደን ወልደ ስታኖይካ ያደረገውን ገድል፣ እኔ በአራተኛው ፎቅ የምቀመጥ የዚህ ዜና ጸሐፊ፣ ባየሁት ላይ ምንም ሳልጨምር፣ በሰማሁት ላይ ግን ጥቂት ብቻ ጨምሬ እጽፋለሁ።

ስሙ በሀገራችን ቋንቋ ብረታዊ ማለት ነው፤ ሲወለድ ደካማ ነበረና እንዲጠነክርላት ብላ እናቱ ያወጣችለት ነው። ጠነከረም። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ከረባቱ ሁልጊዜ የጠበቀ ሰው ሆነ፤ በዚያም ዓመት መጸው የሕንጻውን ሙቀትና መብራት ይጠብቅ ዘንድ ተሾመ።

ሕንጻችንም ታላቅ ነው፤ ነገር ግን በራሱ ላይ የተከፋፈለ መንግሥት ነበር። በላይኞቹ ፎቆች ያሉት በታኅሣሥ ወር እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ መስኮታቸውን ከፍተው፣ በወረቀት እያራገቡ ይሠሩ ነበር። በታችኞቹ ፎቆች ያሉት ደግሞ ካፖርት ደርበው፣ ጓንት አጥልቀው፣ ከየጠረጴዛቸው ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ደብቀው ይኖሩ ነበር፤ ማሞቂያዎቹም ሁሉ ባንድነት በተለኮሱ ጊዜ መብራቱ ድርግም ይል ነበር። በከተማው ዳር ያለው የሙቀት ጣቢያ እኛ በመስኮት የምንበትነውን ሙቀት ለመተካት ሌት ተቀን ያነድዳል፤ ጭሱም በሰማዩ ላይ እንደ ድንኳን ይዘረጋል፤ ልጆቻችንም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይስላሉ። እኛ ግን እርስ በርሳችን ስንወቃቀስ ኖርን፤ የላዩ የታቹን «ብርዳም» ይለዋል፣ የታቹ የላዩን «ሙቀት ሌባ» ይለዋል።

ወእምዝ፣ የሕንጻ መርማሪዎች መጡ፤ አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለሕንጻችንም ካሉት ደረጃዎች ሁሉ የመጨረሻውን ሰጡት። ዳይሬክተር ቬሊሚርም ተቆጣ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ያስሚንካም ቁጣውን በትልልቅ ፊደል ጽፋ በትንሹ ሊፍት ውስጥ ለጠፈችው። ዐዋጁም እንዲህ ይል ነበር፦

«በዚህ ሕንጻ ውስጥ የምትሠሩ፣ ወጪም ወራጅም፣ ይህን አንብቡ፤ አላየሁም የሚል ሰበብ አይኑረው። በጥር እስከሚውለው እስከ ቅዱስ ሳቫ በዓል ድረስ ሕንጻችን የሚፈጀው ሙቀት ከአምስት አንድ እጅ ካልቀነሰ፣ መስኮቶች በሙሉ በብሎን ይታሠራሉ። ከጠረጴዛ ሥር የተገኘ ማሞቂያም ሁሉ ይወረሳል።»

ይህም ዐዋጅ በተነበበ ጊዜ ታላቅ ሽብር ሆነ። ከላይ ያሉት «በቁማችን ልንቀቀል ነው» አሉ። ከታች ያሉት «በቃ፣ አስከሬናችንን በመጋቢት ያወጡታል» አሉ። አጋፋሪ ራዲሻ፣ በዋናው በር ተቀምጦ ሁሉን የሚያውቅ ማንንም የማያስቆም የጥበቃ ሹም፣ «እኔ ምን አገባኝ፣ የእኔ በር እንደሆነ አይዘጋም፣ ቀድሞም አይዘጋም ነበር» አለ።

ግቮዝደን ግን አልተሸበረም። ከምድር ቤት ጀምሮ ቧንቧዎቹን በእጁ እየዳሰሰ፣ ጆሮውን እየለጠፈባቸው፣ ፎቅ በፎቅ ወጣ፤ በመጨረሻም የመከራችንን ሥር አገኘው። የሕንጻው ሙቀት በሙሉ የሚታዘዘው ለአንዲት ነጭ ሳጥን ነበር፤ ከሳሙና ሳጥን ጥቂት ትበልጣለች፤ ብርድና ሙቀትን ትለካለች። ሳጥኗ «በረደኝ» ስትል በምድር ቤት ያለው ቫልቭ ይከፈታል፣ «ሞቀኝ» ስትል ይዘጋል። ይህችም ሳጥን በዘጠነኛው ፎቅ፣ የካሳ ጥያቄ ክፍል ኃላፊ በሆነችው በወይዘሮ ስላቮይካ ቢሮ፣ ከመስኮቱ አጠገብ በግድግዳው ላይ ተሰቅላ ነበር። መስኮቱ ደግሞ በጋ ከክረምት ክፍት ነው። እነሆ፣ ያ ሁሉ እሳት፣ ያ ሁሉ ጭስ፣ በነፋስ አፍ የተቀመጠች አንዲት ሳጥን ለማሞቅ ነበር።

ወይዘሮ ስላቮይካም ማን ናት ቢሉ፣ እመቤተ ዘጠነኛ ፎቅ፣ ጡረታ ሊወጡ በደረሱት ዘንድ የተከበረች፣ በወጣቶቹ ዘንድ የተፈራች፣ ሦስት ዳይሬክተሮችን ተከራክራ የረታች ሴት ናት። «መኪናዬ ራሱ ተጋጨ» የሚለውን ሰው በዐይኗ ብቻ እውነቱን ታናግረዋለች።

ግቮዝደንም ሠራዊቱን አስከትሎ ተነሣ። የተከተሉትም እነዚህ ናቸው፦ አጋፋሪ ራዲሻ በሩን ለማንም ሳይተው ትቶ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ያስሚንካ የዐዋጁን ግልባጭ ይዛ፤ ከሁለተኛው ፎቅ ካፖርት የለበሱ ብዙዎች፤ ነፋስ መትቶት አንገቱ የማይዞር አንድ የሒሳብ ሹም፤ እኔም ጸሐፊው። ትንሹ ሊፍት ግን ከአራት ሰው በላይ ስለማይችል ሠራዊቱ በየተራ ወጣ፤ የኋላ ደጀኑም ከመድረሱ በፊት ውጊያው አለቀ።

ግቮዝደን በሩ ላይ ቆሞ እንዲህ አለ፦

«እትዬ ስላቮይካ፣ ይቅርታ፣ መስኮቱን ልዘጋው ነው።»

«እስቲ ሞክር!» አለችው ከወረቀቷ ቀና ሳትል።

«ሕንጻውን ሁሉ የሚያቃጥለው እኮ ይሄ መስኮት ነው። ሳጥኗን ነፋስ ይመታታል፣ እሷ በረደኝ ስትል ታች ያለው ቫልቭ…»

«ልጄ፣» አለች መነጽሯን አውልቃ፣ «ሊዩቢንካን ታውቃታለህ? እዚህ ፊት ለፊቴ ትቀመጥ ነበር። እዚች ወንበር ላይ ነው በሙቀት ራሷን ስታ የወደቀችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደወልኩ። ሰው ላኩ፣ ልንሞት ነው አልኩ። ስልኩ የሚጮኸው እናንተ ክፍል ነበር። ማን አነሳ?»

«እኔ ያኔ አልነበርኩም…»

«አንተ አልነበርክም፣ ከአንተ በፊት የነበረውም አልነበረም። መስኮቱ ግን ነበረ። ልሳበው አልኩ፣ ሳብኩት፣ ተከፈተ። እና አሁን ለእናንተ ብዬ የምዘጋው ምን ቤት ሆናችሁ ነው?»

የግቮዝደን ፊት ቀላ፤ ስልኩ የእርሱ ክፍል ስልክ ነበርና። ሠራዊቱንም ይዞ ወረደ። ይህም ሽሽት አልነበረም፤ ወደ ታች መገሥገሥ እንጂ።

በማግሥቱ ጠዋት ግን ያለ ሠራዊት፣ ያለ ዐዋጅ፣ ብቻውን ወጣ። በሩንም አንኳኳ፤ ይህን ከእርሱ በፊት ያደረገ ሹም አልነበረም።

«እትዬ፣ ትናንት ያሉት እውነት ነው። የሚያነሳ መኖር ነበረበት» አላት። «አሁን አንድ ነገር ልለምንዎት። በቅዱስ ኒቆላዎስ በዓል ማግሥት ቀኑን ሙሉ እዚህ አብሬዎት ልቀመጥ። መስኮቱ ይዘጋ። ሳጥኗ ነፋሱን ካጣች ክፍሉ መብረድ አለበት። እርስዎ ሲያልብዎት እኔም ያልበኛል። ካልበረደ በገዛ እጄ እከፍተዋለሁ፤ ለዳይሬክተሩም የከፈትኩት እኔ ነኝ እላለሁ።»

ስላቮይካም ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ኮትህን ሳታወልቅ?»

«ኮቴን ሳላወልቅ።»

«ከረባትህንም?»

እዚህ ላይ ጀግናው ጥቂት ዘገየ። «ከረባቴንም» አለ።

«እሺ፣ ና» አለች።

አሁን ደግሞ ስለ ቲሆሚር እነግራለሁ፤ ያለ እርሱ ይህ ዜና አይሞላምና። ቲሆሚር በመጀመሪያው ፎቅ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ነፋስን እንደ ሰይጣን የሚፈራ፣ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው የሚወጣ አየር ኩላሊት ይበጥሳል ብሎ የሚያምን፣ ከመስከረም እስከ ግንቦት ሻርፑን ከአንገቱ የማይፈታ ሰው ነው። ይህ ሰው በየጠዋቱ ዘጠነኛው ፎቅ ድረስ ወጥቶ ለስላቮይካ አንድ ጠርሙስ እርጎ ይሰጣታል። የራሱን ጠርሙስ በነጯ ሳጥን አናት ላይ ያኖረዋል፤ «ለጉሮሮዬ እስኪሞቅ ነው» ይላል። ከዚያም በዚያ በተከፈተ መስኮት አጠገብ፣ ሻርፑን እስከ ቅንድቡ ጠቅልሎ፣ ጥርሱ እየተፋጨ ግማሽ ሰዓት ይጫወታል። በምሳ ሰዓት ተመልሶ የሞቀውን ይጠጣና ሌላ ቀዝቃዛ ይተካል። አራት ክረምት እንዲህ አደረገ። ነፋስን የሚፈራ ሰው በነፋስ መካከል ሲቀመጥ ሕንጻው ሁሉ አይቶ አንድ ነገር ብቻ ገመተ፤ ስላቮይካም እንደ ሕንጻው ገመተች፤ በታኅሣሥም የከንፈር ቀለም ትቀባ ጀመር።

የቀጠሮውም ቀን ደረሰ። ቅዱስ ኒቆላዎስ የስላቮይካ ቤት ጠባቂ ቅዱስ ነው፤ በዓሉም በቤቷ በዓሣ ይከበራል። በማግሥቱ የተረፈውን ጥብስ በትልቅ ትሪ ይዛ መጣች፤ በበዓሉ የተቀደሰውንም ቅቅል ስንዴ ለየሰዉ በማንኪያ አቀመሰች። ቲሆሚርም እንደ ልማዱ መጥቶ፣ ስንዴውን ቀምሶ፣ እርጎውን አስቀምጦ ወርዶ ነበር። ግቮዝደን ከእርሱ በኋላ ገባ፤ ኮቱን ቆለፈ፣ ከረባቱን አጠበቀ፣ በፊቱም አማተበና መስኮቱን ገፋ። መስኮቱ ለብዙ ዘመን አልተዘጋም ነበርና አቃሰተ፤ ሁለተኛ ሲገፋው ግጥም አለ። በኮሪደሩ የቆሙትም ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ።

መጀመሪያ የነፋሱ ፉጨት ቆመ። ቀጥሎ ሙቀት መጣ። ግቮዝደን «አሁን ይበርዳል» አለ። አልበረደም። ከዚያ ዓሣው ማሽተት ጀመረ። ስላቮይካ ሹራቧን አወለቀች፤ በካሳ ጥያቄዎች ማራገብ ጀመረች። የኮሪደሩ ሠራዊት ሽታውን ሸሽቶ አንድ በአንድ ወደ ደረጃው አፈገፈገ፤ እኔ ብቻ የጸሐፊነት ግዴታ ይዞኝ በአፍንጫዬ መሐረብ ይዤ ቀረሁ።

«ምነው፣ ፊትህ እንደ በርበሬ ቀላ?» አለችው ስላቮይካ።

«ደህና ነኝ።»

«ደህና ከሆንክ ላብህ ለምን ጠረጴዛዬ ላይ ይንጠባጠባል? ያ የሰው የካሳ ጥያቄ ነው፣ በጎርፍ ተበላሸ ሊሉኝ ነው።»

ግቮዝደን ወደ ምድር ቤት ደወለ። በዚያ ያለው ሠራተኛ «ቫልቩ እስከ ጥጉ ክፍት ነው፤ ሳጥኗ በረደኝ ትላለች» አለው።

«እንዴት ይበርዳታል? እኔ እዚህ እየቀለጥኩ ነው!»

«እኔ ምን ላድርግ ጌታዬ፣ እሷ ነች ያለችው።»

በዚያችም ሰዓት የጀግናው ልብ ተጨነቀ። ምናልባት ተሳስቻለሁ፣ ምናልባትም ይህች ሴት ለዘመናት ትክክል ነበረች ብሎ ዐሰበ፤ ይህንንም ኋላ በገዛ አፉ ነግሮኛል። መስኮቶቹ በብሎን ሲታሠሩ፣ ሰዎች ከወንበራቸው ሲወድቁ ታየው። እጁም ወደ መስኮቱ እጀታ ሊሄድ ምንም አልቀረው።

ያን ጊዜ ቲሆሚር የምሳውን ጠርሙስ ይዞ ገባ። የሞቀውን አንሥቶ ቀዝቃዛውን በሳጥኗ ላይ አኖረ፤ ቀና ሲል የተዘጋውን መስኮት አየና ደነገጠ። ግቮዝደንም በላብ ዐይኑ ታውሮ፣ ግንባሩን ሊያበርድበት ብሎ እጁን ወደ ቀዝቃዛው ጠርሙስ ዘረጋ።

«ኧረ እሱን አይንኩት!» ብሎ ቲሆሚር ጮኸ።

እጁ በአየር ላይ ቆመ። ጠዋት ሲገባ ያን ጠርሙስ በሳጥኗ ላይ አይቶት ነበር፤ ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ አይቶት ነበር፤ ልብ ግን አላለውም። አሁን ጠርሙሱን በቀስታ አነሣው፤ መዳፉንም በሳጥኗ አናት ላይ አሳረፈ። እንደ እንቁራሪት ሆድ ትቀዘቅዝ ነበር።

«ጋሽ ቲሆሚር፣» አለ፣ «ይሄ እርጎ ለምንድን ነው እዚህ የሚቀመጠው?»

«ለጉሮሮዬ ነዋ።»

«ጉሮሮዎ ሳጥኗ ውስጥ ነው እንዴ?»

ቲሆሚር ወዲያና ወዲህ አየ፤ መሸሸጊያ አላገኘም። ሻርፑን ከአፉ ዝቅ አደረገ።

«እሺ! ታች ወርደው ያውቃሉ? አበባዬ እንኳ ማሰሮዋ ውስጥ በረዶ ሆና ነው የሞተችው። እኔም ደውያለሁ፣ ማንም አልመጣም። አንድ ቀን የቧንቧ ሠራተኛ ሁሉን የሚያዘው ዘጠነኛ ፎቅ ያለው ሳጥን ነው ሲል ሰማሁ። እሱ ከበረደው እኔ ይሞቀኛል አልኩ፣ በቃ።»

«ሞቀዎት?»

«ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።»

ማንም አልሳቀም። ስላቮይካ ተነሥታ ቆማ ነበርና። ማራገቢያ ያደረገችውን ወረቀት አስቀመጠች።

«አራት ክረምት፣» አለች፤ ድምጿም ሦስት ዳይሬክተሮች የሚያውቁት ድምፅ አልነበረም። «አራት ክረምት በየጠዋቱ ‹እንደምን አደሩ ስላቮይካ› እያልክ ስትመጣ፣ ለሳጥን ነው?»

«መጀመሪያ ለሳጥን ነበር።»

«አሃ!»

«መጀመሪያ አልኩ እኮ! ለሳጥን ቢሆን አስቀምጬ አልሄድም ነበር? ነፋስ ጆሮዬን እየበላኝ እዚህ ምን ጎለተኝ? ባለፈው ክረምት አንገቴ ደንዝዞ ቅዳሴ ስሄድ ቄሱን በጎን ነው ያየሁት። ሰው ለሙቀት ብሎ በብርድ ይሞታል? ደግሞ ለሳጥኗ አንድ ጠርሙስ ይበቃ ነበር፤ ሁለተኛውን ለማን ነው የማመጣው? አንቺ እኮ ስላቮይካ…»

እዚህ ላይ ሻርፑን መልሶ እስከ አፉ ሳበ።

«አንቺ አልከኝ?»

«አልኩሽ።»

ላባችን መውረዱን ቀጠለ። ስላቮይካ ከግቮዝደን እጅ ጠርሙሱን ተቀበለች፤ ከፈተችው፤ ሳታቋርጥ እስከ ታቹ ጠጣችው፤ ከንፈሯንም በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት እርጎ የሚጠጣው ሰው ነው እንጂ ሳጥን አይደለም» አለች። ቀጥላም ወደ ግቮዝደን ዞረች፦ «አንተም፣ መስኮቱ እንደተዘጋ ይቆይ። ይሄ ሰው ነፋስ አይችልም።»

ለሦስት ዳይሬክተሮች ያልተዘጋው መስኮት እንዲህ ለቲሆሚር አንገት ተዘጋ። ሳጥኗም ከእርጎ ነጻ ወጥታ እውነቱን ተናገረች፤ ቫልቩ ተዘጋ፤ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ እንደ ሚያዝያ ቀን ለሰለሰ። ዓሣውንም በላነው።

ግቮዝደን ግን በዚህ አልረካም። ከዘጠነኛው ፎቅ በቀጥታ ወደ መጀመሪያው ወረደ፤ የቲሆሚርን ማሞቂያ ብረት ዳሰሰ፤ እንደ መቃብር ቀዝቃዛ ነበር። በጉልበቱ ተንበርክኮ የብረቱን አየር ማውጫ ቁልፍ ፈታ። ለዓመታት ታሥሮ የኖረ አየር እየፎጨ ወጣ፤ ተከትሎትም ጥቁር ውሃ በከረባቱ ላይ ተረጨ። ብረቱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንኳኳ፣ ከዚያም ሞቀ። ቲሆሚር ሁለት እጁን በላዩ አድርጎ ብዙ ቆመ። ግቮዝደን ወደ ሁለተኛው ሄደ፣ ወደ ሦስተኛውም፤ ሳምንቱን ሙሉ በየክፍሉ ተንበረከከ፤ ከላይ የሚበዛውን አጠበበ፣ ከታች የሚያንሰውን አሰፋ። በሊፍቱም ውስጥ ከዳይሬክተሩ ዐዋጅ ጎን የራሱን ለጠፈ፦

«ከላይ የተቀቀላችሁ ከታችም የቀዘቀዛችሁ ሁሉ፣ ጥፋቱ የእናንተ አልነበረም። ደውላችኋል፤ አላነሣንም። ከዛሬ ጀምሮ እናነሣለን። ሙቀት ሲበዛባችሁ መስኮቱን ከመክፈታችሁ በፊት ጥሩኝ፤ እመጣለሁ። ግቮዝደን።»

ሰዎችም ሊፈትኑት ጠሩት፤ መጣ። አጋፋሪ ራዲሻ እንኳ ጠርቶት የዋናውን በር መዝጊያ አስጠገነው። መስኮቶችም ከላይ ወደ ታች እየተከተሉ ተዘጉ። የሁለተኛው ፎቅ ሰዎች ማሞቂያቸውን በገዛ ፈቃዳቸው አምጥተው በምድር ቤት ከመሩት፤ ክምሩም የተማረከ መሣሪያ ይመስል ነበር። በቅዱስ ሳቫ ዕለት ልኬቱ በተነበበ ጊዜ፣ የሕንጻው ሙቀት ከአምስት አንድ እጅ ይቅርና ከአራት አንድ እጅ ቀንሶ ተገኘ። ዳይሬክተር ቬሊሚርም የብሎኑን ዐዋጅ በገዛ እጁ ቀደደ፤ ሐሳቡ ከመጀመሪያው የእርሱ እንደነበረም ተናገረ። በከተማው ላይ ያለው ጭስ ለዐይን እንደ ቀድሞው ነው፤ ግቮዝደን ግን ከዚያ ጭስ የእኛ ድርሻ እንደ ጎደለ ያውቃል፤ ሲያልፍም ቀና ብሎ ያየዋል፣ ዕዳውን እንደ ከፈለ ሰው።

ቲሆሚርም ክፍሉ ሞቆለት ሳለ እስከ ዛሬ በየጠዋቱ ወደ ዘጠነኛው ፎቅ ይወጣል። በየካቲት ትንሹም ሊፍት ሲታመም በደረጃው ወጣ፤ ደርሶም ለመናገር ትንፋሽ አጥቶ ነበር፤ ስላቮይካም ወንበር ሳበችለት።

ስለዚህ፣ እናንተ በሕንጻዎች ውስጥ የምትኖሩ፣ ዐቃቤ ሙቀት ግቮዝደንን አመስግኑ። ሌሎች ኃያላን በር ሰብረው ገቡ፤ እርሱ አንኳኳ። ሌሎች ከተማ አቃጥለው ስማቸውን አስጠሩ፤ እርሱ እንዳይቃጠል ያደረገውን ማንም አያየውም። አንድም ብሎን አላሰረም፣ ከአንድም ሰው አልወረሰም፤ ባላጋራው በተቀመጠበት ክፍል ተቀመጠ፣ በሚያልበው ልክ አላበው፣ ሲሳሳትም በጉልበቱ ወረደ። ሞገስ ለእርሱ ይሁን ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ፤ ዘመኑም እንደ ደህና ብረት ይሁን፣ ቶሎ የማይግል፣ ቶሎም የማይቀዘቅዝ።